ግጥማችንን ከታሪክ አታስወጡብን፦ ስለ ወሎ የቦታ ግጥሞች የተሰጠ ምላሽ

ስለ ወሎ ግጥም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ወዳጆቼ ልከውልኝ አነበብኩ። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በጨዋ ቋንቋ ነው ያስቀመጡት። ስድብ የለበትም፤ ዘር ቆጠራ የለበትም። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። በሐሳቡ ግን አልተስማማሁም። ዝም ብዬ ላልፈውም አልቻልኩም፤ የጻፉት እኔ በጣም ስለምወደው ነገር ነው።

የጽሑፉ መነሻ ይሄ ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ የሚነሱ ወጣት ገጣሚያን ስለ ተወለዱበት አገር ታሪክ እየጻፉ ነው። መቅደላን፣ ውጫሌን፣ ቦሩ ሜዳን፣ ሃይቅን ያነሳሉ። ጸሐፊው ይሄ አላስደሰታቸውም። አምስት ነጥብ አላቸው። ግጥም ማስረጃ አይሆንም፤ ቤት ለመምታት ሲል እውነትን ያጣምማል። የወሎ ግጥም የፍቅርና የውበት ግጥም ነው፤ ታሪክ አልለመደበትም። መንዙማ ሃይማኖት እንጂ የቦታ ታሪክ አይደለም። የረሃቡን ዘመን በግጥም ማንሳት የወሎን ስም እንደገና ማጉደፍ ነው። በመጨረሻም የወጣቶቹ ግጥም የቦታ ስም ድርደራ ነው። ስለዚህ “ታሪኩን ለታሪክ ሰው ተዉት” ይላሉ።

በተራ እመልሳለሁ። ሁሉም ግን እኩል ቦታ አይገባቸውም።

“ግጥም ማስረጃ አይሆንም”

ጸሐፊው እዚህ ላይ የመረጡት ምሳሌ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አላውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ክርክራቸው እንዲህ ነው። በመቅደላ ዘመቻ ብዙ ሰው ሞቷል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ በተባለው ሜዳ ብቻ በመቶ የሚቆጠር የአፄ ቴዎድሮስ ወታደር ወድቋል። ግጥሙ ግን “አንድ ሰው ሞተ” ይላል። ስለዚህ ግጥሙ ዋሽቷል።

ግጥሙን እንደ ቆጠራ ካነበብነው፣ አዎ፣ ስህተት ነው። ግን ማን እንደ ቆጠራ ገጠመው? ገጣሚው የሟች ቁጥር እያስመዘገበ አይደለም። እየፈረደ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን እጁን የሰጠ አለ። መሣሪያውን ጥሎ ከአምባው የወረደ አለ። ንጉሡ ግን ሽጉጣቸውን ጠጡ። ግጥሙ “ወንድ” የሚለውን ስም ለማን እንደሚሰጥ ነው የሚናገረው። ይሄ ደግሞ ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። የዘመኑ ሰው ያን ቀን በምን ዓይን እንዳየው ይነግረናል። የእንግሊዝ መኮንኖች መዝገብ ስንት መድፍ እንደተተኮሰ ይነግረናል፤ ይሄን ግን ሊነግረን አይችልም።

ሁለተኛውን ስንኝ ደግሞ ረጋ ብለን እናንብበው። “የሴቱን አላውቅም” ይላል። ጩኸቱን ሰምቷል። ከጩኸቱ መሐል የሚያውቀውን ከማያውቀው ለይቷል። ከዚያ በኋላ ነው ፍርዱን የሰጠው። ችሎት ፊት የቆመ ጥንቁቅ ምስክር እንዲህ ነው የሚናገረው። ቤት ለመምታት ብሎ እውነት የሚያጣምም ሰው “አላውቅም” የሚል ቃል ምን ያደርግለታል?

ሌላም ነገር አለ። ጸሐፊው ግጥምን ሲጠረጥሩ የተጻፈውን ታሪክ አልጠረጠሩም። ስለ ቴዎድሮስ በዘመኑ የጻፉትን እንይ። ደብተራ ዘነብ ለንጉሡ ያደላሉ። አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በምሬት ነው የሚተርኩት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ የአንድ ንጉሥ ታሪክ አይመስለውም። ታዲያ ማንም ተነስቶ “ዜና መዋዕል ይቅርብን” አላለም። ማን ጻፈው? ለማን? መቼ? ብለን እየጠየቅን እናነባለን። ግጥሙንም እንደዚሁ ጠይቀን ማንበብ እንችላለን።

እንጠይቀው እንጂ። መቅደላ የወሎ አምባ ነው። ግጥሙ ግን የማን ድምፅ ነው? አፄ ቴዎድሮስ ለወሎ ቀላል ንጉሥ አልነበሩም። እንደነገሡ ብዙም ሳይቆዩ ወሎ ዘመቱ፤ መቅደላን ያዙ፤ ከዚያም ደጋግመው ተመለሱ። የወሎዋ ገዢ ወርቂት ልጇ እዚያው አምባ ላይ እስረኛ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ በወርቂት አገር በኩል ወደ ሸዋ ተሻገሩ። ቴዎድሮስ በቁጣ የወርቂትን ልጅ ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት።

አንድ አምባ ነው። የንጉሡ ሞት በሁለት ስንኝ የኢትዮጵያን ቤት ሁሉ አዳረሰ። የወርቂት ጩኸትስ? እሷም እኮ አንድ ሰው ነው የሞተባት። እኔ ወጣቶቹ ስለ መቅደላ ይጻፉ የምለው ለዚህ ነው። አንዱን ድምፅ ለማጥፋት አይደለም። ሌላውም ድምፅ እዚያው አፋፍ ላይ እንደነበር ለማሰማት ነው።

“ማስረጃው ጽሑፍ ነው” ለሚለውም አንድ ነገር ልጨምር። የመቅደላ ጽሑፍ የት ሄደ? እንግሊዞች ከአምባው የሰበሰቡትን ብራና፣ መስቀልና ዘውድ በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ነው የወረዱት። ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ አወጡበት። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሰውዬ በመቶ የሚቆጠሩ ብራናዎች ይዞ ተመለሰ። ዛሬ የሚያነባቸው ለንደን የደረሰ ተመራማሪ ነው። በእኛም ዕድሜ፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ብራናው በተወሰደበት አገር “ብራና ካላመጣህ አላምንህም” ማለት በተዘረፈው ላይ መፍረድ ነው።

“የወሎ ግጥም የፍቅር ግጥም ነው”

ይሄ አጭር መልስ ይበቃዋል። ፍቅሩ አለ። እሰየው! ግን ፍቅሩ ራሱ ያለ ቦታ የለም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ናቸው። ባቲ ሰኞ ሰኞ ገበያ ነው። የአፋር ግመል ከቆላ ይወጣል፤ የኦሮሞና የአማራ ገበሬ ከደጋ ይወርዳል። ሰው የሚተያየው እዚያ ነው። ስለ ባቲ ልጅ የተገጠመ ግጥም ስለ ገበያው፣ ስለ መንገዱና ስለ ንግዱም ይናገራል።

ደግሞ ዘፈን ብቻ አይደለም ያለን። ሙሾ አለ። ፉከራ አለ። አልቃሿ ሟቹን ስታነሳ ዘሩን ትቆጥራለች። የት እንዳረሰ፣ የት እንደዘመተ፣ ከማን ጋር እንደዋለ ትናገራለች። ለቀስተኛው ሁሉ እያዳመጣት ነው። ብትሳሳት እዚያው ትታረማለች። ስንት የታሪክ ጽሑፍ ነው በዚህ ያህል ሰው ፊት የሚነበበው?

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የወሎ ጦር ሰገሌ ላይ ሲሸነፍ ታሪኩን የጻፈው ያሸነፈው ወገን ነው። የልጅ ኢያሱ ስም ለረዥም ዘመን በይፋ በበጎ አይነሳም ነበር። ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ እየተባሉ በፈረስ ስማቸው የተነሱት በሕዝብ አፍ ነው። ስንቱ የወሎ ቤት ከሰገሌ ያልተመለሰ ሰው እንዳለው የሚያውቀው አልቅሶ ያወረደው ሰው ነው። ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽ አሁንም ቆሟል። አንድ ወጣት በደጁ አልፎ ስለ ንጉሥ ሚካኤል ግብር አንድ ግጥም ቢጽፍ ከወሎ ልማድ አልወጣም።

“መንዙማ ሃይማኖት ነው”

ሃይማኖት ነው። ከዚያ በላይ ምስጋና ነው፤ የነቢዩ ውዳሴ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለንም። ጸሐፊው “ስለዚህ የቦታ ታሪክ አይደለም” ሲሉ ነው የምንለያየው። “ስለዚህ” የሚለው አልገባኝም። ሰው ሲጸልይ ቦታ ላይ ሆኖ ነው የሚጸልየው።

ወሎ ውስጥ መንዙማ ያደገባቸውን ደጆች እንቁጠር። ጀማ ንጉሥ አለ፣ ዳና አለ፣ ገታ አለ፣ ሾንኬ አለ። እነዚህ የእስልምና ትምህርት ቤቶች ናቸው። ደረሳው ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ ይመጣል፤ ዓመታት ቀርቶ ይመለሳል። መውሊድ ሲደርስ አገር ምድሩ ወደዚያ ይነጉዳል። መሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል። በዚያ ግጥም ውስጥ የሼሆቹ ስም ከነመምህራቸው ይወሳል። የዝናብ ልመና አለ። የመከራ ዘመን ምሬት አለ። የ18ኛውንና የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ወሎ ማወቅ የፈለገ ሰው እነዚህን ደጆች ዘሎ የት ይደርሳል?

ጸሐፊው የቦሩ ሜዳን ጉባኤ በአንድ መስመር ጠቅሰው አልፈዋል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። የቤተ ክርስቲያኑ የሃይማኖት ክርክር እዚያ ተቋጨ። ቀጥሎም የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ። አባ ዋጠው የሚባሉት አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ። ይሄን መጽሐፍ ሁሉ ይጽፈዋል። መጽሐፉ የሚያተኩረው ግን በተጠመቁት መኳንንት ላይ ነው። ያልተጠመቀውስ? ተሰደደ፣ ሸፈተ፣ ተደበቀ። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር አዋጁን ተቃውመው ከተነሱት ዐሊሞች አንዱ ናቸው። መንዙማም ደርሰዋል። በአማርኛ ገጥመው በዐረብ ፊደል፣ በዐጀም፣ ይጽፉት ነበር። የቦሩ ሜዳን ማግስት ከመኳንንቱ ሰፈር ብቻ ሳይሆን ከተሰዳጁ ወገን መስማት የፈለገ ወደዚህ ግጥም ነው የሚሄደው።

“ለታሪክ ሰው ተዉት” ላሉት ደግሞ፣ የታሪክ ሰዎቹ ራሳቸው አልተዉትም። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ሲያጠኑ በየደጁ የተቀመጠውን የእጅ ጽሑፍና በአፍ የሚተላለፈውን ትውፊት ይዘው ነው የሠሩት። ያን ባያደርጉ ያ ታሪክ ግማሹ አይጻፍም ነበር።

ጸሐፊው እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር አንስተዋል። የሼህ ሁሴን ጅብሪል የትንቢት ግጥሞች ላይ ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ስንኝ አለ ይላሉ። ነገሩ ከሆነ በኋላ “ሼሁ ድሮ ተናግረውት ነበር” እየተባለ የሚለጠፍ አለ። ልክ ናቸው። በአፍ የሚኖር ግጥም ላይ ሰው ይጨምራል። ግን የተጨመረውም ይጠቅመናል። ማን መቼ ለምን ጨመረው ብለን ስንጠይቅ፣ ያ ዘመን የፈራውንና የተመኘውን እናገኛለን። ሰው በራሱ ስም ለመናገር የፈራውን በሼሁ ስም ሲናገር፣ ስለ ሼሁ ዘመን ባይነግረንም ስለ ፈሪው ዘመን ይነግረናል። ይህ እንዲለይ ሥራ ይጠይቃል፤ ግጥሙን መጣል ግን ሥራውን አይተካም።

“ረሃቡን አታንሱት”

ይሄ ነጥብ ልቤን ነክቶታል። ጸሐፊው በክፋት እንዳልጻፉት ያስታውቃል። “ወሎ ማለት ረሃብ ማለት እስኪመስል ድረስ ስማችን ተጎድቷል፤ ገጣሚው ቁስሉን አይነካካው” ነው የሚሉት። ወሎዬ ሆኖ ይሄን ስሜት የማያውቅ የለም። “ከየት ነህ?” ተብለን “ከወሎ” ስንል የሚመጣውን የሐዘኔታ ዓይን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ግን ስማችንን ያጎደፈው ግጥም ነው እንዴ? ረሃቡ ለዓለም እንዴት እንደተነገረ እናስታውስ። የ1965ቱና የ66ቱ ረሃብ ሲጀምር መንግሥት ደበቀው። ዓለም ያወቀው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በሠራው ፊልም ነው። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ወሎዬ ሬሳው እንኳ ለሌላ ሰው ጉዳይ ዋለ።

የ77ቱም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ ከኮረም ወጣ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ባቲም ላይ መጠለያ ነበር። ያ ምስል ብዙ ሕይወት አትርፏል። አልክድም፣ ማንም አይክድም። ግን በሁለቱም ጊዜ ወሎዬው ታየ እንጂ አልተናገረም። ስም የለውም። ቀዬ የለውም። ከዚያ በፊት በሬ ነበረው? ምን ያመርት ነበር? የመጨረሻዋን ቁና ከማን ጋር ተካፈለ? ልጁን የት ቀበረ? ካሜራው ይሄን አልጠየቀም። ለካሜራው “የተራበ ሰው” ነው፤ በቃ።

ስማችን የጎደፈው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የተራበው ሰው ሰው መሆኑ ሲቀርና ምስል ብቻ ሲሆን። ግጥም ይሄን ይመልሳል። በሬውን በስሙ ይጠራዋል። ጎረቤቷን በስሟ ያመሰግናታል። የዘጋውን በር፣ የተከፈተውን በር ይለያል። ፈጣሪንም ይጠይቃል፣ መንግሥትንም ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፈቃደ አዘዘ ከሰሜን ሸዋ ገበሬዎች የሰበሰቡትን የድርቅና የረሃብ ግጥም ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እዚያ ውስጥ ያለው ገበሬ እጁን ዘርግቶ የተቀመጠ አይደለም። ያስባል፣ ይሟገታል፣ ይወቅሳል። ሰሜን ሸዋ ከወሎ ጋር ድንበር ብቻ አይደለም የሚጋራው፤ ያንኑ ክፉ ቀን ነው የተጋራው።

ሰፈራውንም አንርሳ። ከ77 በኋላ ስንት ወሎዬ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ ተወሰደ! ወዶ የሄደ አለ። ሳይወድ የተጫነ አለ። ፓዌ ላይ ያደገ ልጅ ያላየውን የወሎ ተራራ ከእናቱ እንጉርጉሮ ነው የሚያውቀው። ያ ልጅ ስለ ቦታ ቢገጥም ስለ የትኛው ቦታ ነው የሚገጥመው? ለእኔ ከዚህ በላይ የሚያጓጓ የቦታ ግጥም የለም። ጸሐፊው ዝም በሉ ሲሉ ይሄንንም ልጅ ዝም እያሰኙ መሆኑን አላስተዋሉትም።

ደግሞ ዝምታ ስም አያጸዳም። በ66 እና በ77 ዝም ተብሎ ነበር። ዝምታው ነው ሰው የጨረሰው።

“የቦታ ስም ድርደራ ነው”

እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። ግማሽ እውነት።

ከማነባቸው አዳዲስ ግጥሞች ብዙዎቹ “ላሊበላ፣ ግሸን፣ መቅደላ፣ ሃይቅ” ብለው ይጀምሩና እዚያው ይጨርሳሉ። ስሙን መጥራት እንደ ሥራ ይቆጠራል። ሌሎቹ ደግሞ የትምህርት ቤቱን የታሪክ መጽሐፍ በስንኝ ይደግሙታል። ውጫሌ ሲባል ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ብቻ። ውጫሌ ግን ውል የተፈረመበት ወረቀት ብቻ አይደለችም። አምባሰል ውስጥ ያለች፣ ሰው የሚኖርባት አገር ናት።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ ሲፈረም ምን ዘመን ነበር? ክፉ ቀን የገባበት ዘመን ነው። የከብት በሽታ በሬውን እየጨረሰ ነበር። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ ያላረሰ ተራበ። በዚያው ጊዜ የንጉሥ ሰፈርና ጦር በአገሩ ላይ አርፎ ነበር። ጦር ያደረበት አገር ምን እንደሚበላ ገበሬው ያውቃል። ታዲያ ያ የአምባሰል ገበሬ ስለዚያ ቀን ምን ይል ነበር? አንድ ወጣት ገጣሚ ይሄን ቢጠይቅ አንቀጽ 17ን መቶ ጊዜ ከማንበብ ይበልጥብኛል። የታሪክ ሰው ውሉን ይመረምርልናል። የገበሬውን ጓዳ መክፈት ግን ግጥም ይችላል።

ወረኢሉንም እንውሰድ። ምኒልክ በ1888ቱ ክተት “የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ” ብለው አወጁ። በዚህ አዋጅ ውስጥ ወረኢሉ ጌጥ አይደለችም። ሥራ አላት። ሰው የሚገናኝባት ናት። በግጥምም ውስጥ የቦታ ስም እንዲህ ሥራ ይኑረው። ከስሙ ላይ አንድ ነገር ይሁን፣ አንድ ሰው ይቁም፣ አንድ እቃ ይሸጥ።

ዝም ብዬ ምክር ብቻ ከምሰጥ እኔም ስለ ደላንታው ጨረታ የጻፍኩትን ልጨምር።

በደላንታ ሜዳ መጽሐፉ ተሸጠ፣
የሚያነበው ሲያለቅስ የማያነብ መረጠ።

ደላንታን ከዚህ ስንኝ አውጥቶ በሌላ ሜዳ ስም መተካት አይቻልም። ጨረታው የሆነው እዚያ ነውና። የጨረታውን ዝርዝር የታሪክ ሰው ይሰጠናል። መጽሐፉን ማን ማንበብ ይችል እንደነበርና ማን እንደወሰደው ጎን ለጎን ማቆም ደግሞ የስንኝ ሥራ ነው።

ሌላው ወጣቶቹን የምጠይቃቸው ነገር የአማርኛው ግጥም ብቻውን እንዳይቀር ነው። ወሎ በኦሮምኛም፣ በአርጎባኛም፣ በአፋርኛም ይገጥማል። ዋግ ላይ በኽምጣኛ ይገጥማል። ከሚሴ የተወለደ ልጅ ከእናቱ የሰማውን በኦሮምኛ ያምጣው፤ እኛ ትርጉሙን እንጠይቀዋለን። የዐጀሙን ጽሑፍ ማንበብ የሚችሉ ሰዎችም በየደጁ አሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ መማር ነው።

ጸሐፊው የጠየቁት ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በ66 ነፍስ ያወቀ ሰው ዛሬ 60 ዓመት አልፎታል። ሙሾ የሚያውቁ እናቶች፣ መንዙማውን ከነምክንያቱ የሚያውቁ አባቶች አሁን አሉ። ስልክ ሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ። ሲቀዳ ግን ግጥሙ ብቻ አይቀዳ። ማን ነው ያለው? ከማን ሰማው? የትኛው ቀበሌ? ሰርግ ላይ ነው፣ ለቅሶ ላይ ነው፣ ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይ ነው? የተጨመረ ስንኝ ካለ ተናጋሪው ራሱ ምን ይላል? ሰውየው ስሙ እንዲነሳ ይፈቅዳል? ይሄ ሁሉ አብሮ ይያዝ። ጸሐፊው የማስረጃን ነገር ከብዙዎቻችን በላይ ያውቃሉና፣ ወጣቶቹ ይሄን ሲሠሩ አጠገባቸው ሆነው ቢያርሙልን በደስታ እንቀበላቸዋለን።